በደብተር ጀርባ ስላለው የማባዣ ሠንጠረዥ

ስለ ልብ ወለድና ስለ ግጥም ሂስ መጻፍ የተለመደ ነው። ስለ ደብተር የኋላ ሽፋን ሂስ መጻፍ ግን ለአንዳንድ አንባቢ እንደ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ በአገራችን በድኻውም በሀብታሙም ልጅ እጅ የሚገባ፣ በገጠርም በከተማም የሚነበብ አንድ ገጽ ቢፈለግ ይኸው ገጽ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ የጠፋበት፣ ወይም ለሦስት ልጅ አንድ የደረሰበት ዘመን ብዙ ነው፤ ደብተር ሳይዝ ተማሪ ቤት የሄደ ልጅ ግን ጥቂት ነው። ከደብተሮቹም ብዙዎቹ በጀርባቸው ከ1 እስከ 12 ያለውን የማባዣ ሠንጠረዥ ይዘው ይወጣሉ። ደራሲው አይታወቅም፤ መቅድም የለውም፤ ማንም አይተቸውም። ማንም የማይተቸው ጽሑፍ ደግሞ ጥፋቱ ሳይታይ ይኖራል።

እኔ ብዙ ዘመን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ አሁን በጡረታ በአንገቱ የምኖር ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው 8ኛ ክፍልን ጨርሰው ወደ 9ኛ ክፍል ለሚሻገሩ ልጆች፣ ይልቁንም ለእነርሱ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ነው። ከአባትና ከእናት ይልቅ ደብተሩን ገልጦ የሚያይላቸው ብዙውን ጊዜ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ነውና። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሠንጠረዡ መልካም አገልጋይ ነው፣ ነገር ግን እኛ መምህራን ጌታ አደረግነው፤ ስለዚህም ብዙ ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ደርሰው ወደቁ።

አስቀድሜ ምስጋናውን ልናገር፤ ሂስ ማለት ነቀፋ ብቻ አይደለምና። ይህ ገጽ አይዋሽም። ሰባት ጊዜ ስምንት ዛሬም 56 ነው፤ ነገም 56 ነው። አይቆጣም፣ አይደክምም፣ ድኻ ብሎ አይንቅም። ልጁ አሥር ጊዜ ቢረሳ አሥር ጊዜ ይነግረዋል። እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ይህን ሠንጠረዥ ጧት ጧት ከጸሎት በኋላ ቆመን በዜማ እንለው ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሌሊት ተቀስቅሼ ብጠየቅ አልስትም። በዚህ አላፍርም፤ ላስተማሩኝም ምስጋና አለኝ። በቃል ያልተያዘ ሠንጠረዥ በጉዞ ላይ እንደ ተረሳ ስንቅ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የት ላይ ነው? ይህን ለማስረዳት በራሴ ላይ የደረሰውን መናገር አለብኝ።

ባስተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት ሠንጠረዡን ከሁሉ አስበልጦ የያዘ አንድ ልጅ ነበረ። ከየትም ብትጀምሩት አይሰናከልም፤ «ስምንት ዘጠኝ» ሲባል «72» ከአፉ እንደ ጥይት ይወጣ ነበር። ለእንግዳ የማሳየው ተማሪ እርሱ ነበረ። እኔም ሁልጊዜ አሥር ከአሥር እሰጠው ነበር። የ8ኛ ክፍልንም ፈተና አለፈ።

በዚያው ዓመት ቡና በሚሸጥበት ወራት አባቱ የሐረና ጫካ ቡና ጭኖ ልጁን አስከትሎ ወደ ገበያ ወረደ። ቡናው ሲመዘን 55 ኪሎ ሆነ። ነጋዴው «ይህ 3 ፈረሱላ ነው» ብሎ የ3 ፈረሱላ ዋጋ ቈጠረ። አንድ ፈረሱላ ቡና 17 ኪሎ መሆኑን በዚያ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል። አባትየው ወደ ልጁ ዘወር ብሎ «ልክ ነው?» አለው። ልጁ ዝም አለ። አባትየው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ሦስት ጊዜ 17 ደግሞ 51 ነው፤ ስለዚህ 4 ኪሎ ቡና ያለ ዋጋ በነጋዴው ቤት ቀረ።

ማታ ሌላ ሰው ስሌቱን ነገረው፤ በማግስቱ ወደ ቤቴ መጣ። ቡና ቀረበለት፤ አልጠጣም። «ባርሲሳ፤» አለኝ፣ «እኔ አልተማርሁም፤ ስታለል አላፍርም። ልጄ ግን በእርስዎ እጅ ተምሮ ከእኔ እኩል ዝም አለ። ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከብቱን ማን ይጠብቅልኝ ኖሮአል?» ምን እመልስለታለሁ? ልጁን ጠርቼ «ሦስት ጊዜ 17 ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ «ጋሼ፣ እኛ የተማርነው እስከ 12 ነው» አለኝ።

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ይህን መልስ አስተውለው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ሠንጠረዡ 12 ላይ ስለሚያልቅ ማባዛትም 12 ላይ የሚያልቅ መስሎት ነበር። እንዲህ እንዲመስለው ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

የገጹ የመጀመሪያ ጥፋት ይኸው ነው፤ የት ላይ እንደሚያልቅ ያሳያል፣ ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደሚኬድ ግን አይናገርም። መንገዱ ግን በጣም ቅርብ ነው። 17 ማለት 10 እና 7 ነው። ሦስት ጊዜ 10 ሠላሳ ነው፤ ሦስት ጊዜ 7 ሃያ አንድ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 51 ይሆናሉ። ይህን ያወቀ ልጅ የ17ን ብቻ ሳይሆን የ23ንም የ48ንም ሠንጠረዥ ራሱ ይሠራል፤ አሳታሚው እንዲያትምለት አይጠብቅም።

አሁን ደግሞ ይህን ነገር ከ9ኛ ክፍል ጋር እናገናኘው። በ9ኛ ክፍል ልጁ 3(x + 4) የሚል ነገር ይገጥመዋል፤ ብዙ ልጆችም 3x + 4 ብለው ይጽፋሉ፤ ትክክለኛው ግን 3x + 12 ነው። እኔ ይህን ስሕተት ስንት ሺህ ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ እንደ ሰረዝሁት እግዚአብሔር ያውቃል። መድኃኒቱን ያገኘሁት ግን ዘግይቼ ነው። 3x + 4 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ማለት ሦስት ጊዜ 17ን ሲያሰላ ሦስት ጊዜ 10 ሠላሳ ብሎ 7ቱን ሳያባዛ ደምሮ 37 የሚል ልጅ ማለት ነው። በቡና ሚዛን ፊት 37 ብትለው «ሁለት ፈረሱላ እንኳ 34 ነው፤ ሦስተኛው እንዴት 3 ኪሎ ብቻ ይሆናል?» ብሎ ይስቅብሃል። በፊደል ሲጻፍ ግን አይስቅም፤ ምክንያቱም ፊደሉና ሚዛኑ አንድ ነገር እንደ ሆኑ ማንም አልነገረውም። ስለዚህ አልጀብራ በ9ኛ ክፍል የሚጀመር አዲስ ትምህርት አይደለም። ማባዛትን በሚገባ የተማረ ልጅ ሳያውቀው ጀምሮታል።

ሁለተኛው ጥፋት ገጹ ሸክም ማብዛቱ ነው። 12 ጊዜ 12፣ 144 መስመር በልጁ ፊት ይዘረግፋል። ልጁም 144 የማይተዋወቁ ሰዎችን ስም እንዲይዝ የታዘዘ ያህል ይፈራል። ነገር ግን ሰባት ጊዜ ስምንትና ስምንት ጊዜ ሰባት አንድ ናቸው፤ በሰባት ረድፍ ስምንት ስምንት ችግኝ የተከለ ገበሬ ማሳውን ከጎን ዞሮ ቢያየው በስምንት ረድፍ ሰባት ሰባት ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ያስተዋለ ልጅ 144ቱን ወደ 78 ያወርዳቸዋል። የ1ን ተራ ማንም አያጠናውም፤ 66 ይቀራሉ። የ10ን ተራ ዜሮ መጨመር ስለ ሆነ ብንተወው 55 ይቀራሉ። እንግዲህ 55 ነገር መያዝና 144 ነገር መያዝ አንድ ነውን? ሸክሙን ከሲሶው ጥቂት ከፍ ወዳለ መጠን ያወረደለት ጒልበት አይደለም፤ ማስተዋል ነው።

ሦስተኛው ጥፋት ደግሞ ጥያቄውንና መልሱን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው። 7 × 8 = 56 ብሎ ይነግረዋል እንጂ «56 ከምንና ከምን መጣ?» ብሎ አይጠይቀውም። ስለዚህ ልጁ ቁልቁለቱን ብቻ ይለምዳል፤ ዳገቱን አይለምድም። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ግን አብዛኛው ዳገት ነው። ማካፈል፣ ክፍልፋይን ማቃለል፣ የአንድን ቁጥር አካፋዮች ማግኘት፣ ሥር ማውጣት፣ የተባዛን ነገር ወደ ነበረበት መመለስ፤ እነዚህ ሁሉ ሠንጠረዡን ከመልስ ወደ ጥያቄ ማንበብ ናቸው። 56 ሲባል 7 እና 8፣ 4 እና 14፣ 2 እና 28 ብሎ የሚመልስ ልጅ ለ9ኛ ክፍል ተሰናድቶአል። «ሰባት ስምንት» ሲባል ብቻ የሚመልስ ልጅ ግን ገና ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «እንግዲያው በቃል ማጥናት ይቅርና ልጆች በማስተዋል ብቻ ይማሩ» ይለኝ ይሆናል። ይህም ተሞክሮአል። ሩስያ በ1957 እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ ሳተላይት ወደ ሰማይ ከላከች በኋላ አሜሪካኖች ደንግጠው «አዲስ ሒሳብ» የሚባል ትምህርት በሰፊው አስፋፉ። ሕፃናቱ ከመደመር ይልቅ ስለ ስብስብና ስለ ሕግጋት ይማሩ ጀመር። የዚሁ ዓይነት ሐሳብ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በኡጋንዳ በእንቴቤ ከተማ በተዘጋጁት የሒሳብ መጻሕፍት አማካይነት ወደ አፍሪካ አገሮች፣ ወደ እኛም አገር ደረሰ። ዓላማው መልካም ነበረ፤ ከውስጡም የሚጠቅም ነገር ተገኝቶአል። ነገር ግን በ1973 እ.ኤ.አ. ሞሪስ ክላይን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር ልጆች መደመር ለምን አቃታቸው ብሎ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሰ። እንግዲህ በአንድ ወገን ቃል ያለ ማስተዋል፣ በሌላ ወገን ማስተዋል ያለ ቃል፤ ሁለቱም ልጁን በመንገድ ላይ ያስቀሩታል። ጥጃ በእግር ብቻም በዓይን ብቻም አይሄድም።

አባቶቻችን ይህን ሁለቱን አንድ አድርገው ይዘውት እንደ ነበረ ባሕረ ሐሳብን ያየ ሰው ያውቃል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን ስሌት ተማሪው በቃሉ ይይዘዋል፤ ግን በየዓመቱ አዲስ አድርጎ ይሠራዋል። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም.ን እንመልከት። 5500ን ጨምረን 7518 እናገኛለን። ይህን በ19 ብናካፍለው 395 ደርሶ 13 ይተርፋል። ከ13 አንድ ሲነሣ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 ጊዜ 11፣ 132 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 12 ጊዜ 19፣ 228 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ።

ለምን 30 ሆኑ? ተማሪው በቃሉ ብቻ ይዞት ከሆነ «እንዲህ ስለ ተባለ» ይላል። ያስተዋለ ግን 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 መሆናቸውን ያያል፤ ወንበሩን በሁለቱም ማባዛት በ30 እንደ ማባዛት ነው፤ በ30 የተባዛ ደግሞ በ30 ሲገደፍ ትርፍ አይኖረውም። ይህም በቡናው ላይ ካየነው፣ 17ን ወደ 10 እና 7 ከከፈልንበት ሕግ ሌላ አይደለም። አንዱ ሕግ በገበያም በቅኔ ማሕሌትም በ9ኛ ክፍል መጽሐፍም ያው ነው።

በእስላም ወንድሞቻችንም ዘንድ እንዲሁ ነው። ዘካ የሚወጣለት ገንዘብ ከ40 አንድ፣ ማለት ከመቶ 2.5 ይወጣለታል። የውርስ ድልድል ደግሞ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ፣ ስድስተኛ፣ ስምንተኛ እየተባለ በክፍልፋይ የሚሠራ ጥንቁቅ ሒሳብ ነው። አልጀብራ የሚለው ስም ራሱ በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ ይኖር ከነበረው ከአል ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ የመጣ ነው፤ የዚያም መጽሐፍ ትልቅ ክፍል ስለ ውርስ ክፍፍል የሚናገር ነው። ስለዚህ በባሌ ያለ ልጅ፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ሒሳብ የፈረንጅ ነገር ነው ቢል አባቶቹን አያውቅም ማለት ነው።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነገር እመጣለሁ፤ ይኸውም የቋንቋ ነገር ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብ የሚሰጠው በኦሮምኛ ነው። በ9ኛ ክፍል ግን በአንድ ክረምት ውስጥ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ይለወጣል። ልጁ ሰኔ ላይ «ሂሩ» ሲለው የኖረውን መስከረም ላይ «ዲቫይድ» ይሉታል። ሠንጠረዡን በድምፅ ብቻ የያዘ ልጅ ድምፁ ሲለወጥ ሁሉን ያጣል። ነገሩን የያዘ ልጅ ግን ስሙን ብቻ ይለውጣል፤ ለሚያውቀው ነገር ሁለተኛ ስም መማር የሁለት ወር ሥራ ነው፤ ለማያውቀው ነገር በማያውቀው ቋንቋ ስም መማር ግን ጨለማ ላይ ጨለማ ነው። ስለዚህ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ጎዳን የሚሉትን አልቀበላቸውም። የጎዳን በአፍ መፍቻ ቋንቋም ቢሆን በቃል ብቻ ማስተማራችን ነው።

ያ ልጅ የደረሰበትም ይህ ነው። 9ኛ ክፍል ገባ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቴሌቪዥን፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» በሚለው፣ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ጀምሮ ነበር። ዓላማው መምህር በጎደለበት ሁሉ እኩል ትምህርት ለማድረስ ነበረ። ነገር ግን ቴሌቪዥን ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ደቂቃ ቈይቶ፣ የገባውም ያልገባውም ሳይለይ ወደ ፊት ይሄዳል። የልጁን ፊት አያይም። የእኔ ተማሪ ገና ሳይጋመስ ዓመቱን አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰው ሁሉ «ሒሳብ አልሆነለትም» አለ። እኔ ግን አሥር ከአሥር የሰጠሁት መሆኔን አውቃለሁ። ያ ማርክ ለሸምዳጅ አፉ የተሰጠ ነበር፤ እርሱ ግን ለእውቀቱ የተሰጠ መስሎት ኖረ። መምህር ከሚሠራው ጥፋት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ የሰደበው ልጅ ስድቡን ይረሳ ይሆናል፣ ያለ አግባብ ያመሰገነው ልጅ ግን ጉድጓዱን ሳያይ ይሄዳል።

ይህ የአንድ ልጅ ነገር ብቻ ነው የሚል ቢኖር ወደ አገሪቱ ውጤት ይመልከት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደው፣ ከሰፈራቸውና ከመኮራረጃቸው ርቀው የወሰዱት ነበር። ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን በእነዚህ ዓመታት ከመቶ ልጅ ከዘጠና የሚበልጡት ግማሹን መሙላት እንዳልቻሉ መርሳት የለብንም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የ12ኛ ክፍልን መምህራን ወቀሰ። እኔ ግን ወቀሳው ወደ ታች፣ ወደ 8ኛ፣ ወደ 5ኛ፣ ወደ 3ኛ ክፍል፣ ወደ እንደ እኔ ዓይነቱ መምህር መውረድ አለበት እላለሁ። ጣራው ያፈሰሰው መሠረቱ ስለ ሰመጠ ነውና።

እንግዲህ ልጁ 9ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ምን ይያዝ? ስለ ማባዛትና ስለ ማካፈል ተናግሬአለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ክፍልፋይ ነው። ልጆች ግማሽና ሲሶ ሲደመር ሁለት አምስተኛ ነው ይላሉ፤ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምረው። ይህን ስትሰማ ወዲያው ሕጉን አትንገረው። ይልቅስ «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለህ ጠይቀው። ያንሳል። «ታዲያ ግማሽ ጥማድ መሬት ላለው ሰው ሲሶ ቢጨመርለት መሬቱ እንዴት አነሰ?» በለው። ልጁ ራሱ ይደነግጣል። ያ ድንጋጤ ከአሥር ሕግ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ጥማዱን ስድስት ቦታ ከፍለህ ግማሹ ሦስት፣ ሲሶው ሁለት፣ ድምሩ አምስት ስድስተኛ መሆኑን በመሬት ላይ በእንጨት ጫር አድርገህ አሳየው።

ሦስተኛው ከዜሮ በታች ያለው ቁጥር ነው። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚያልፈው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቴ አምባ ላይ ይሄዳል፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። በዚያ አምባ በበጋ ሌሊት ውሃው ይረጋል፤ ቀን ደግሞ ፀሐይ ያቃጥላል። ሌሊት ከዜሮ በታች 5፣ ቀን ከዜሮ በላይ 12 ቢሆን ልዩነቱ ስንት ነው? «7» የሚል ልጅ ቀንሶአል እንጂ አላሰበም። ከ5 በታች እስከ ዜሮ አምስት፣ ከዜሮ እስከ 12 አሥራ ሁለት፤ ስለዚህ 17 ነው። ይህን ያየ ልጅ 12 – (–5) ሲጻፍለት ሁለት ቅናሽ ለምን ድምር እንደ ሆነ አይጠይቅም።

አራተኛው የማይታወቀውን ነገር በፊደል መጥራት ነው። ልጆች «ኤክስ» ሲባል እንደ ጂኒ ይሸሹታል። ነገር ግን «አንድ ሰው ካለው ብር ግማሹን ሰጥቶ 30 ብር ቀረው» ስትለው በልቡ 60 ይልሃል። ያ 60 ገና ሳይታወቅ የተሰጠው የጊዜው ስም ነው ኤክስ ማለት። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ለዚህ ሁሉ ጊዜው መቼ ነው? ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ፈተናው ካለፈ በኋላ ልጁ ደብተሩን ወርውሮ ሁለት ወር ይቀመጣል፤ ከዚያ መስከረም ላይ እናቱ ጥናት ቤት ፍለጋ ትሯሯጣለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ክረምቱን በሙሉ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ ቢበልጥ ይሰለቻል። አንተ ታላቅ ወንድም ሆይ፣ አንቺም ታላቅ እኅት ሆይ፤ ይህን ለማድረግ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የደብተሩን ጀርባ ግለጡ። አንድ ቀን መልሶቹን በእጃችሁ ሸፍኑ፤ አንድ ቀን ጥያቄዎቹን ሸፍኑ። ከዚያ ከ13 እስከ 19 ያለውን ሠንጠረዥ ልጁ ራሱ በንጹሕ ገጽ ላይ ይሥራ፤ እናንተ አትሥሩለት። ሠርቶ ሲያመጣ «ልክ ነህ» ከማለት በፊት «እንዴት አወቅህ?» በሉት። ይህች «እንዴት አወቅህ» የምትል ጥያቄ በየቀኑ ብትጠየቅ ብዙ መምህራን በዓመት የማይሠሩትን ትሠራለች። በመጨረሻም ቃላቱን በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን እንዲጽፍ አድርጉ፤ በየቀኑ አምስት ቃል ቢጽፍ በሁለት ወር ውስጥ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይጨርሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ልጅ በሒሳብ የሚወድቀው አእምሮ አጥቶ ሳይሆን «አልገባኝም» ማለት አፍሮ ነው። ያፈረ ልጅ ይኮርጃል፤ የኮረጀ ልጅ ያልፋል፤ ያለፈ ልጅ ከዚያ ወዲያ አለማወቁን ለመናገር ይበልጥ ያፍራል። እንዲህ እያለ ውሸቱ ከክፍል ወደ ክፍል አብሮት ይዛወራል። ስለዚህ በቤታችሁ «አልገባኝም» ያለ ልጅ አይሳቅበት። በሒሳብ አለማወቅን መናገር የመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ ነው።

ባለፈው ዓመት ያ ተማሪዬ ወደ ቤቴ መጣ። አሁን ቡና ነጋዴ ነው። የ17ን ሠንጠረዥ ከእኔ ይልቅ ፈጥኖ ይናገራል፤ ሚዛን ፊት ቆሞ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ተምሮታል። «አልቀየምኩዎትም ጋሼ» አለኝ፤ እኔም ዝም አልሁ። ከኋላው አንድ ልጅ ቆሞ ነበር፤ የእርሱ ልጅ ነው፤ 8ኛ ክፍልን ጨርሶአል። በእጁ ደብተር ይዞአል፤ በደብተሩ ጀርባ ያው ሠንጠረዥ አለ። አባትየው «ይህን ክረምት ያስተምሩልኝ» አለ። ልጁን አስቀምጬ መልሶቹን በእጄ ሸፈንሁና 56 ከምንና ከምን እንደሚመጣ ጠየቅሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። አባቱ ሊነግረው አፉን ሲከፍት በእጄ ከለከልሁት፤ ልጁም አስቦ አስቦ «28 እና 2» አለ። እኔ የጠበቅሁት 7 እና 8ን ነበር። «እንዴት አወቅህ?» አልሁት፤ መናገርም ጀመረ።